አቤት ያላልኩበት ቀትር

እኔ እንዲህ ያለ ነገር አላምንም። አላምንም ስል ደግሞ ዛሬ የጀመርኩት አይደለም፣ አቃቂ ልጅ ሆነን የሰፈሩ ሰው ተሰብስቦ እገሌን ወንዝ ዳር አንድ ነገር መታው፣ እገሊትን በር ላይ ሲጠሯት አደሩ እያለ ሲያማትብ፣ እኔ ሽንብራዬን እየቆረጠምኩ «የሚጠራት ሰው ሥራ የለውም እንዴ?» እያልኩ የምስቅ፣ በዚህም የተነሳ ስንት ጊዜ የተቆነጠጥኩ ልጅ ነበርኩ። ስለዚህ የምነግራችሁን ሰምታችሁ ብትስቁብኝ ቅር አይለኝም። እውነቱን ለመናገር ቅር የሚለኝ ነገር ካጣሁ ቆይቻለሁ።

መጀመሪያ ሥራዬን ልንገራችሁ፣ ያለ ሥራዬ ነገሩ አይገባችሁም። ሰው ሲጠይቀኝ ባጭሩ «ጫጫታ እለካለሁ» እላለሁ፣ ሰዉም «ታዲያ እኛ ሰፈር ነይልን» ይለኛል። ከአቃቂ ወደ አባ ሳሙኤል ሐይቅ ሲወርዱ በጋ ላይ ከሩቅ አገር ወፎች መጥተው የሚሰፍሩበት ረግረግ አለ፣ ለምሠራበት ቢሮ፣ ያንን ቦታ የተፈጥሮ ፓርክ ለማድረግ ሲጠና፣ ድምፁን የማጥናት ሥራ ነው የደረሰው። ወደ ቦሌ የሚወርደው አውሮፕላን አለ፣ የከባድ መኪናው ጡሩምባ አለ፣ የድንጋይ ወፍጮው አለ፣ ይሄ ሁሉ ወፉ ላይ ምን ያህል ይጮኻል፣ የትኛው ሊቀነስ ይችላል፣ በየትኛው ሰዓት ቦታው ጸጥ ሊል ይችላል፣ ይሄንን ነው የምናጠናው። እንደ ቀልድ አትዩት፣ ረጃጅም እግር ያላት ወፍ መንጋ መሀል ልጇን የምትጠብቀው በድምፅ ነው፣ አውሮፕላኑ ድምፁን ከዋጠባት ልጇ አጠገቧ ሆኖ ይጠፋባታል።

አሠራሩ ቀላል ነው። ማይኩን በሦስት እግሩ አቁሜ፣ መቅጃውን ከፍቼ፣ ትንሽ ራቅ ብዬ ታብሌት ይዤ እቀመጣለሁ፣ ታብሌቱ ላይ አውሮፕላን፣ መኪና፣ ወፍ፣ የሰው ድምፅ እያለ የተጻፈ ቁልፍ አለ፣ በጆሮዬ የሰማሁትን ሁሉ እዚያው እጫናለሁ። በኋላ ቢሮ ውስጥ የኔ አጫጫን ከቀረጻው ጋር ይተያያል። ሕጉ አንድ ነው፣ ቀረጻ ላይ አይወራም። ሳል እንኳ ከመጣ በሻርፕ አፍኖ ነው።

ሥራውን የወደድኩት ለዚህ ይመስለኛል፣ ማንም አያናግረኝም። የምኖረው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ከእማዬ ጋር ነው። ታናሽ ወንድሜ ቢኒያም ባለፈው ክረምት ሞተ፣ አቃቂ ባጃጅ ይነዳ ነበር፣ ሆዴን አመመኝ ብሎ ሐኪም ቤት ገባ፣ በዚያው ቀረ፣ ይኸው ነው። እኔ አላለቀስኩም። ለቅሶ ቤት ያሉት ሴቶች «አልቅሺ እንጂ፣ ይወጣልሻል» ቢሉኝ ቢሉኝ የሚወጣ ነገር አላገኘሁም፣ ጥርስ ሲነቀል መርፌ ተወግቶ ድድን መንካት እንዴት ነው? ሁለመናዬ እንደዚያ ሆኖ ቀረ። እማዬ ግን ለሁለታችንም አለቀሰችና ስትጨርስ ምግብ አቆመች፣ አንዲት ጉርሻ ለማጉረስ እለምናታለሁ፣ ከሳች፣ ቀሚሷ ሰፋት። የቀረችኝ እሷ ብቻ ናት፣ እሷንም ዓይኔ እያየ እያጣኋት ነበር።

እማዬ ደግሞ ከሁሉ የምትጠላው አውሮፕላኑን ነው። በኛ ጣሪያ ላይ ነው ወርዶ የሚያልፈው፣ ሲያልፍ እጇን ከፍ አድርጋ ወሬዋን ታቆማለች፣ ካለፈ በኋላ የምትለው ይጠፋባታል። አንድ ቀን ምን አለችኝ መሰላችሁ፣ «ሰኒ፣ የቢኒ ድምፁ እየጠፋብኝ ነው። መልኩ አለ፣ ፎቶው አለ። ድምፁን ላስታውስ ቁጭ ስል ይሄ ነገር ይመጣል። አንቺ የጫጫታ ሠራተኛ አይደለሽም? እስቲ ዝም አስብዪልኝ» አለችኝ። እሺ አልኳት። ሌላ ምን እላታለሁ?

እንግዲህ ያን ቀን ልንገራችሁ። ቀትር ነበር፣ ፀሐይ አናት ላይ፣ ጥላዬ እግሬ ሥር የገባችበት ሰዓት። ባልደረባዬ ከድር፣ ቀረጻውን ቢሮ ውስጥ የሚያጸዳው ማለት ነው፣ ያን ዕለት አብሮኝ ወጥቶ ሁለተኛውን ማይክ ከጉብታው ማዶ ሊተክል በመኪናው ሄደ፣ እኔ ብቻዬን ሸንበቆው አጠገብ ቀረሁ። አንድ አውሮፕላን አለፈ፣ ተጫንኩ። ከባድ መኪና ጡሩምባ ነፋ፣ ተጫንኩ። ከዚያ የድንጋይ ወፍጮው ቆመ፣ ለምሳ ነው ብዬ አሰብኩ። ከዚያ ንፋሱ ተወ። ከዚያ እንቁራሪቶቹ፣ እመኑኝ፣ አንድ ሰው እጁን አፋቸው ላይ የጫነ ይመስል ሁሉም ባንዴ ተዉ። ወፎቹ ቆመዋል፣ አንገታቸውን ቀና አድርገው ሁሉም ወደ አንድ በኩል ያያሉ፣ አንዷም ድምፅ አታሰማም። የምጫነው ነገር አጥቼ ጣቴን አንስቼ ጠበቅኩ።

«እታለም።»

ከኋላዬ ነው፣ ከሸንበቆው ውስጥ። ጮክ ያለ አይደለም፣ ሻወር ቤት ገብቶ ፎጣ ሲረሳ በር ከፈት አድርጎ እንደሚጠራኝ፣ ልክ እንደዚያ። እታለም ብሎ የሚጠራኝ በዓለም ላይ አንድ ሰው ነበር፣ ሌላው ሁሉ ሰኒ ነው የሚለኝ።

እማዬ ልጅ ሆነን ውሃ ልንቀዳ ስትልከን ሁሌ የምትለን ነገር ነበር፣ «ቀትር ላይ ውሃ ዳር ስማችሁን ቢጠሯችሁ ቶሎ አቤት አትበሉ፣ ሦስቴ እስኪጠሯችሁ ጠብቁ፣ ሰው ከሆነ ሦስቴ ይጠራል።» እኔ በዚህ ስስቅ ኖሬ፣ ያን ቀን ግን ከንፈሬን ነከስኩ። ነከስኩ ስላችሁ ደም እስኪወጣ ነው። አልዞርኩም። ጣቴ ብቻ ሄዶ «የሰው ድምፅ» የሚለውን ተጫነ፣ ሥራ ነዋ።

«እታለም።»

ሁለተኛውንም ተጫንኩ። የሚገርማችሁ አልፈራሁም፣ ልቤ እንኳ አልፈጠነም፣ አለመፍራቴ ነው ኋላ ሳስበው የዘገነነኝ። ሦስተኛውን ጠበቅኩ። አልመጣም። አውሮፕላን መጣና ሁሉን ነገር ሸፈነው፣ ካለፈ በኋላ እንቁራሪቱም ወፍጮውም ምንም እንዳልተፈጠረ ቀጠሉ። ከድር መኪናውን ነድቶ መጥቶ «ከንፈርሽ ምን ሆኖ ነው?» ሲለኝ ፀሐይ ነው አልኩት።

በማግስቱ ቢሮ ከድር ጆሮ ማድመጫውን ከራሱ አውልቆ ጠራኝ፣ እየሳቀ ነበር። «ሰኒ፣ ቀረጻ ላይ አይወራም እያልሽ እኛን ስታንጨረጭሪ፣ ራስሽ ታወሪያለሽ ለካ» አለኝ።

«እኔ አላወራሁም።»

«ባክሽ አትፎግሪኝ፣ ይኸው ስሚያ።»

ከድር በሶፍትዌር አውሮፕላኑን ከቀረጻው ላይ ማውጣት ይችላል፣ መኪናውንም ያወጣል፣ የቀረውን ነው የምንለካው። ጆሮ ማድመጫውን አደረግኩ። ጸጥታው አለ፣ የኔ የመጀመሪያው «የሰው ድምፅ» የተጫነበት ቦታ ደረሰ፣ እታለም የሚል የለም። ምንም የለም። ትንሽ ቆየና የኔ ድምፅ መጣ፣ ከማይኩ አጠገብ፣ ጥርት ብሎ፣

«አቤት» አለ።

ሁለተኛው የተጫንኩበት ላይም የጠራኝ ሰው ድምፅ የለም፣ የኔው ብቻ፣ «መጣን።»

ከድር ፊቴን አይቶ ሳቁን ተወ። «ለማን ነው መልስ የምትሰጪው?» አለኝ። «መጣን ማለትስ፣ ከማን ጋር ነበርሽ?»

«ብቻዬን ነበርኩ። ከንፈሬን ነክሼ ነበር ከድር፣ አፌ አልተከፈተም።»

እሱ ደግሞ እንዲህ ያለ ወሬ የሚወድ ሰው አይደለም፣ ማድመጫውን ተቀብሎኝ ደግሞ ሰማ፣ ደግሞ ሰማ፣ ከዚያ «ወላሂ ድምፅሽ ነው» ብሎ ያቺን ቦታ ቆርጦ አጠፋት። ለሪፖርቱ አትሆንም አለኝ። ከዚያ ወዲህ አንስተነው አናውቅም፣ እሱም ብቻውን ማታ ቢሮ አይቀርም።

ለእማዬ አልነገርኳትም፣ ይሄን ልብ በሉልኝ፣ አንዲት ቃል አልነገርኳትም። እንዴት እነግራታለሁ? ድምፁን ለማስታወስ ስትታገል ለምትውል ሴት ድምፁን ሰማሁት፣ እኔም አቤት አላልኩትም ብዬ?

ሪፖርቱን ግን ጽፌ ጨረስኩ፣ ሥራዬ ነዋ። ቀትር ላይ ለወፎቹ የጸጥታ ሰዓት ቢኖር፣ ወፍጮው በዚያ ሰዓት ቢቆም፣ አውሮፕላኑ በሌላ አቅጣጫ ቢገባ የሚል ሐሳብ አቀረብን። እንዲህ ያለ ሐሳብ አብዛኛውን ጊዜ መሳቢያ ውስጥ ነው የሚቀረው፣ እኔም እንደዚያ መስሎኝ ነበር። ይሄ ግን ለሙከራ ያህል ተብሎ ተፈቀደ። ቢሮው ውስጥ ጭብጨባ ሆነ፣ ለእማዬም «ዝም አስባልኩልሽ» አልኳት፣ በረግረጉ ላይ የማያልፍ አውሮፕላን በኛም ላይ አያልፍም። ግንባሬን ሳመችኝ።

የመጀመሪያው ጸጥ ያለው ቀትር ቅዳሜ ላይ ዋለ። እማዬ በረንዳ ላይ ሰፌድ ይዛ ምስር ትለቅማለች፣ እኔ ኩሽና ሽንኩርት እልጣለሁ። ሰማዩ ላይ ምንም የለም። ታች ግቢው ውስጥ ኳስ የሚጫወቱት ልጆች ዝም አሉ፣ የጎረቤት ቴሌቪዥን ዝም አለ፣ የውሃ ፓምፑም ቆመ፣ እኔ ያን ጊዜ ቢላዬን ይዤ ባለሁበት ደረቅኩ። ያቺን ጸጥታ አውቃታለሁ።

«አቤት» አለች እማዬ ከበረንዳው።

«እማዬ? እኔ አልጠራሁሽም።»

«አንቺን መቼ አልኩሽ?» አለች። ሄጄ በሩ ላይ ቆምኩ። እጇ ምስሩ ላይ ነው፣ አንገቷን ቀና አድርጋ በቦታው የሌለ ሰው ፊት እንደምታይ ሁሉ ወደ አንድ በኩል ታያለች፣ ወፎቹ እንዳዩት። እኔ ምንም አልሰማሁም። እሷ ግን የሚነገራትን ነገር አዳምጣ ስትጨርስ ፈገግ ብላ ቀስ ብላ «መጣን» አለች።

«እማዬ ምነው፣ ሦስቴ እስኪጠሩ ጠብቁ የምትይን አንቺ አይደለሽም እንዴ?»

ዞር ብላ አየችኝ፣ እንደ ሞኝ ነው ያየችኝ። «ልጄን ሦስቴ ላስጠራው?» አለችኝ።

ያን ጊዜ ፈራሁ። ቢኒ ከተቀበረ ጀምሮ የተሰማኝ የመጀመሪያው ነገር ፍርሃት ነው፣ ሽንኩርቱን ጥዬ ሬዲዮኑን ሮጬ ከፈትኩና እስከ መጨረሻው ድምፁን ለቀቅኩት። እማዬ አልተቆጣችኝም፣ ምስሯን መልቀም ቀጠለች።

ከዚያ ቀን ወዲህ እማዬ ትበላለች። ሰው አይቷት «ተመስገን፣ ተጽናናች» ይለኛል፣ ጉንጯ ሞላ፣ ስትሠራ ታንጎራጉራለች፣ «ድምፁ ተመለሰልኝ» ትለኛለች። የኔንም የሷንም ጫማ ቀለም ቀብታ በሩ አጠገብ አፋቸውን ወደ ውጭ አድርጋ ደርድራቸዋለች፣ ወደ ውስጥ ባዞራቸው መልሳ ታዞራቸዋለች። እኔ ከቢሮ ፈቃድ ወስጄ እቤት ነኝ፣ ቀትር ሲደርስ ሬዲዮን እከፍታለሁ፣ በረንዳውን እዘጋለሁ፣ እስኪያልፍ እጇን ይዤ እቀመጣለሁ። «ዝቅ አድርጊው ልጄ፣ አላሰማ አለኝ» ትለኛለች። እኔ ደግሞ ያን አውሮፕላን መልሱልኝ ብዬ ለቢሮው እንዴት ብዬ እንደምጽፍ ግራ ገብቶኛል፣ ምን ምክንያት እሰጣለሁ?

ዛሬ መብራት የለም፣ ከትናንት ጀምሮ ነው የጠፋው፣ ስልኬም ሞቷል፣ ይሄን በእስክሪብቶ ነው የምጽፍላችሁ። ፀሐይዋ አናት ላይ ልትደርስ ነው፣ ታች ያሉት ልጆች አሁን ዝም አሉ። እማዬ ነጠላዋን አጣፍታ በሩ ላይ ቆማ፣ ቆጣም ሳትል፣ ገበያ አብረን እንደምንሄድ ሁሉ «ሰኒ፣ ጫማሽን አድርጊ እንጂ» አለችኝ። የትም አልሄድም፣ አንቺም አትሄጂም ልላት ቀና ስል እግሬን አየሁት። ጫማዬን አድርጌያለሁ፣ ክሩም ታስሯል፣ መቼ እንዳደረግኩት አላስታውስም።