ጫፏ የማያጨስ ላንድሮቨር

ሬሳው የላንድሮቨሯ ጋቢና ውስጥ አንገቱን ደፍቶ እንደተቀመጠ ነው። መቶ አለቃ አረጋ ከላሊበላ ተጠርቶ ኩልመስክ ዳገት ሲደርስ፣ ሹፌሩ አባስ ከዛፍ ጋር ታስሯል። ጊዜው የሰባ ሰባቱ ድርቅ ነው። ሟቹ ከፋለ የእርዳታ እህል ኃላፊ ነበርና ሰዉ «ፀረ አብዮት መርዞ ገደለው» ብሎ ፈርዶ ጨርሷል፤ አመሻሹ ላይ አባስን ወደ ደሴ ሊልኩት ነው። ያኔ እንዲህ ተብሎ የተላከ ሰው ይመለሳል ብሎ የሚጠብቅ የዋህ ብቻ ነበር።

«ሌሊት ከቤታችን ሲነሱ ስንቁን ቋጥሬ የሰጠሁት ለዚህ ሹፌር ነው» አለች መርዶው ደርሷት ከወልድያ የመጣችው የሟች ሚስት የሺሃረግ። «ባይመርዘውማ ጥሎት የት ሄደ?»

አረጋ ወደ አባስ ዞረ። «ሞተሩን ሳታጠፋ ወርደሃል አሉኝ፤ ለምን?»

«ባትሪዋ ሞታለች ጌታዬ፣ ሰው ካልገፋት አትነሳም። ለራዲያተሩ ውሃ ልቀዳ፣ ሱብሂንም ልሰግድ ምንጭ ወረድሁ። ሩቅ ነው። ወላሂ ስመለስ ጋሼ ከፋለ አይናገርም።»

ሜካኒኩ ጥሩሰው ከኋላ፣ እህሉ ላይ ተጭኖ ነበር የመጣው።

«ተኝቼ ነበር» አለ። «መኪናዋ እንደሁ ደህና ናት። ወልድያ የቦሎ ምርመራ ስታልፍ ጭስ አልታየባትም።»

«ድሮስ?»

«ታጨስ ነበር። አስተካከልኋት።»

«መለዋወጫ ከየት አገኘህ?»

«እንደምንም ነዋ።»

«በዚህ ብርድስ ጋቢናውን ትተህ ከኋላ ምን አስቀመጠህ?»

«እህል ልጠብቅ።»

ተኝቶ እህል የሚጠብቅ የለም። አረጋ ጋቢናውን ሲፈትሽ ቆየ፤ ከዚያ ሬሳውን አስወርዶ ሁሉንም ሰበሰበ።

«ይኸው ስንቁ፤ ቋጠሮው አልተፈታም። ሰው ያልበላው መርዝ አይገድለውም።»

ጉምጉምታው በረደ። አረጋ መኪናዋን አስገፍቶ አስነሳና ነጭ መሐረቡን ጭስ ማውጫው ጫፍ ላይ ያዘ። መሐረቡ እንደነጣ ቀረ። ቀጥሎ የጋቢናውን ምንጣፍ ገለጠና መሐረቡን ወለሉ ስንጥቅ ላይ ያዘው፤ ወዲያው ጥላሸት ለበሰ።

«በዚህ ከፍታ አየሩ ይሳሳል፣ ቤንዚኑ ይበዛል፣ ሞተሩም ያጨሳል። የቦሎ መርማሪ ደግሞ የሚያየው ጫፉን ነው» አለ፤ ከጫፉም የተወተፈ ጆንያ መዝዞ አወጣ። «ጫፉ ተደፈነ፣ ጭሱ ሌላ መውጫ እንዲያገኝ የቧንቧው ድምፅ ማፈኛ፣ ማርሚታው፣ ከስር ተቀደደ፣ ጭሱ ጋቢና ገባ። የተኛ ሰው እንደተኛ ያልፋል። ይህን የሚያውቅ ሰው ነው በብርድ ከኋላ የሚቀመጠው።»

ጥሩሰው መሬት ላይ ቁጭ አለ።

«ካላለፈች እህሉ ወልድያ ይቀራል። ራሱ ከፋለም ‹ብቻ አሳልፋት› አለኝ። ላሊበላ ስንደርስ ልበይደው ነበር። ለነፍሴ ሳስቼ ከኋላ ወጣሁ። እነሱ መስኮት ስለሚከፍቱ ምንም አይሆኑም ብዬ ነው።»

«አባስ ሲታሰርስ?»

«ምላሴ ተሳሰረ። ፈሪ ነኝ፣ ጌታዬ።»

የሺሃረግ ሄዳ ገመዱን በገዛ እጇ ፈታች። «ወንድሜ፣ በነፍስህ ፈርጄብህ ነበር። ይቅር በለኝ።»

አባስ ግን ከዛፉ ስር አልተነሳም።

«ውሃ ልቀዳ ስወርድ መስኮቱ ተከፍቶ ነበር» አለ። «ጋሼ ከፋለን እንቅልፍ ወስዶት ነበር። እንዳይበርደው ብዬ የዘጋሁት እኔ ነኝ።»

የሺሃረግ ገመዱን እንደያዘች አጠገቡ ተቀመጠች።