አስተርጓሚው ያልተረጎመው

«ንዝረት» የሚለውን ስም ያወጡላት የዩኒቨርሲቲ ባልደረቦቿ ናቸው። የፊዚክስ ተመራማሪ ናት፤ ቀኑን ሙሉ የምታጠናው ድምፅን ነው። ራሷም አንድ ቦታ ረግቶ መቆም አይሆንላትም። ስትናገር እጇ አብሮ ይናገራል፣ ስትስቅ ትከሻዋ አብሮ ይስቃል። ስሙ ሲወጣላት አልከፋትም። «ካልተንቀጠቀጠ ነገር ድምፅ አይወጣም» ብላ ተቀበለችው።

ከተማዋ በየዓመቱ ለአንድ ሳምንት የሳይንስ ፌስቲቫል ታዘጋጃለች። ትልቁ አደባባይ ለመኪና ይዘጋና ድንኳን በድንኳን ይሆናል። አንዱ ጋ የጨረቃ ገጽ በሩቅ ማያ መነጽር ይታያል፣ አንዱ ጋ ከፕላስቲክ የተሠራ ልብ ተፈታቶ ይገጣጠማል። የንዝረት ድንኳን የድምፅ ነበር። ጠረጴዛ ላይ ካስቀመጠችው ድምፅ ማጉያ በላይ ዝርግ ብረት አጋድማ ደቃቅ አሸዋ ትበትንበታለች። ድምፁ ሲለቀቅ አሸዋው ይዘልና ተሰልፎ ኮከብ ይሠራል፤ ድምፁ ሲቀጥን ኮከቡ ፈርሶ ሌላ ቅርፅ ይወጣል።

በመክፈቻው ዕለት ጠዋት አንድ ረጋ ያለ ወጣት ወደ ድንኳኑ ገባ።

«የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ ነኝ» አላት። «ከሰዓት ከሰዓት መስማት የተሳናቸው ጎብኚዎች ይመጣሉ። አዘጋጆቹ አንቺ ጋ መድበውኛል።»

«እኔ ጋ?» አለች ንዝረት። «የእኔ እኮ ስለ ድምፅ ነው። ሰዎቹ ያሾፍኩባቸው ይመስላቸዋል።»

ወጣቱ መዳፉን ጠረጴዛው ላይ አሳረፈና «እስኪ ድምፁን ክፈቺው» አላት። ከፈተችው። ዓይኑን ጨፍኖ ጥቂት ቆየ።

«እናቴ መስማት የተሳናት ናት» አለ። «ልጅ ሳለሁ መግባቴን የምታውቀው በወለሉ መንቀጥቀጥ ነው። ተናድጄ የገባሁ ዕለትማ ገና ሳትዞር ትቆጣኛለች። ድምፅን በሌላ በኩል ያውቁታል። አንቺ እንደለመድሽው አስረጂ፤ የቀረውን ለኔ ተይው።»

እንዳለውም ሆነ። ሰዎቹ መዳፋቸውን ጠረጴዛው ላይ እየደረደሩ ከድንኳኑ አንወጣም አሉ። ችግሩ የቃል ነበር። «የድምፅ ሞገድ» ስትል አስተርጓሚው እጁን እንደ ባሕር አወዛወዘ፤ ንዝረትን አላስችላት አለ።

«እሱ የውሃ ነው» አለችው፣ ሰዎቹ ሲወጡ። «ድምፅ ይጨመቃል፣ ይለቀቃል፤ ይጨመቃል፣ ይለቀቃል።» ሁለት እጆቹን ይዛ እያቀራረበችና እያራራቀች አሳየችው። ከገባው በኋላም አልለቀቀችውም። እሱም እጄን መልሺ አላለም።

ከዚያ ቀን ወዲህ በምሳ ሰዓት ከድንኳኑ ጀርባ ሳጥን ላይ ተቀምጠው ምልክት ያስተምራት ጀመር። «እናት»፣ «ልጅ»፣ «ቤት»፣ «ፍርሃት»። አንድ ቀን «ፍቅርስ?» አለችው፣ ዳቦዋን እያላመጠች።

«ለፊዚክስ ምን ያደርግልሻል?»

«ጎብኚ ቢጠይቀኝስ።»

አሳያት። ደግማ እንዲያሳያት ጠየቀችው። ደግሞ አሳያት፤ ጆሮው ግን ቀላ። ነገር በዓይን ይገባል የሚባለው እውነት ነው።

ንዝረት ደግሞ ሆዷ ውስጥ ነገር የምታሳድር ሴት አይደለችም። በመዝጊያው ዋዜማ አሸዋውን እየጠራረገች «ፌስቲቫሉ ሲያልቅ የት ነው የማገኝህ?» አለችው።

መጥረጊያውን ተቀብሏት ይጠርግ ጀመር። አሸዋው ሁሉ ከረጢት እስኪገባ ቀና አላለም።

«እኔ ለእናቴ ጆሮም አፍም ነኝ» አለ በመጨረሻ። «ሐኪም ዘንድ እኔ፣ ባንክ እኔ፣ ልብስ የሚያሰፋ ደንበኛ ሲመጣ እኔ። የራሴን ኑሮ ልጀምር ብል እሷን ማን ይሰማታል? ሳይጠና ብንተወው ይሻላል።»

«እሳቸው ናቸው እንዲህ ያሉት?»

«ማለት አያስፈልጋትም።»

ንዝረት አላለቀሰችም። እንደምትወደው ታውቃለች፤ እንደሚወዳትም ታውቃለች። ከነገሩ ሁሉ ያላወቀችው የሴትዮዋን ሐሳብ ብቻ ነበር። «እናቱ አልፈለጉኝም» የሚለው ግን እንደ እሾህ ወግቷት አደረ።

በማግስቱ ከሰዓት፣ ድንኳኑ በሰው ተሞልቶ ሳለ፣ አንዲት ጠና ያሉ ሴት የልብስ መለኪያ ሜትራቸው አንገታቸው ላይ እንደተንጠለጠለ ገቡ። አስተርጓሚው ክው አለ። እጁ «ማን አመጣሽ?» አለ።

የሴትዮዋ እጅ «እግሬ» አለ።

ሳምንቱን ሙሉ ልጃቸው ቤት ሲገባ ስለ ድንኳኑ የሚያወራበት እጁ አላርፍ ብሎ ነበር። ትናንት ግን ሁለቱንም ኪሱ ከትቶ ገባ። እናት ናቸውና ሥራቸውን ጥለው መጡ።

መዳፋቸውን ጠረጴዛው ላይ አኑረው ኮከቡን እስኪጠግቡ አዩ። ከዚያ ወደ ንዝረት ዞረው እጃቸው ተፈታ። ረጅም ነገር ተናገሩ። ልጃቸውን በአገጫቸው ይጠቁማሉ፣ ይቆጣሉ፣ ደረታቸውን ይነካሉ።

«ምን አሉ?» አለች ንዝረት።

አስተርጓሚው ጉሮሮውን ጠረገ። «ትርኢቱ ደስ ብሎኛል ትላለች።»

«ይህ ሁሉ እጅ ለአንድ ‹ደስ ብሎኛል›?» አለች ንዝረት። «‹ልጅ› ሲሉ አይቻለሁ። ‹ፍርሃት›ም ብለዋል። ሌላ ያስተማርከኝን ቃልም ብለዋል።»

እናቱም የልጃቸውን ከንፈር አንብበው ነበር። ጠረጴዛውን በመዳፋቸው ሲመቱት ኮከቡ ፈረሰ። «እንዳልኩት ተርጉም» አሉት።

በአስተርጓሚ ሙያ ደንቡ አንድ ነው፤ ተናጋሪው «እኔ» ካለ አስተርጓሚውም «እኔ» ይላል። ልጁ ቀና ብሎ ንዝረትን እያየ የእናቱን ቃል በገዛ አፉ ይናገር ጀመር።

«ልጄ ፈሪ ነው። እሱ ከመወለዱ በፊትም ልብስ ሰፍቻለሁ፣ ከደንበኛ ተከራክሬያለሁ፣ ባል መርጬ አግብቻለሁ። ጆሮሽ ነኝ ይለኛል። እኔ ጆሮ አልወለድኩም፤ የወለድኩት ልጅ ነው።» እዚህ ላይ መተርጎሙን አቆመ። እናቱ ቀጥል አሉት። «ልጄ ይወድሻል። እኔን ጥግ አድርጎ እንዳይደበቅብሽ።»

ድንኳኑ ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ ወደ ንዝረት ዞረ።

«የእትዬን ሰማሁ» አለች ንዝረት ቀስ ብላ። «አስተርጓሚውስ ምን ይላል?»

«አስተርጓሚው በትክክል ተርጉሟል» አለ። «አንድ ቃል አልጨመረም።» ከዚያ ትንፋሹን ሰበሰበ። «እወድሻለሁ። ይኼኛው የእኔ ነው።»

ንዝረት ያንኑ ቃል በእጇ መለሰችለት። ወደ እናቱ ዞራ በለጋ ምልክቷ ነገ ቤትዎ እመጣለሁ ልትላቸው ሞከረች። ሴትዮዋ እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ።

«ቤትዎን ነገ እሸጣለሁ ነው ያልሻት» አለ ልጁ፣ ሊያርም እጁን እያነሳ። እናቱ እጁን ገፋ አደረጉና የንዝረትን ጣቶች ራሳቸው አንድ በአንድ አስተካከሉላት።

በዓመቱ ድንኳኑን የተከሉት ባልና ሚስት ሆነው ነው። ያን ምሽት ግን ገና ወደ ፌርማታው እየሄዱ ነበር። ሁለቱ ሴቶች ከፊት ናቸው፤ በእጅ የሚያወራ ሰው እየተራመደ አይሆንለትምና በየጥቂት እርምጃው ይቆማሉ። አስተርጓሚው ብረቱንና የአሸዋውን ከረጢት ታቅፎ ከኋላ ይከተላል። አውቶቡሱ መጣ፣ ቆመ፣ ሰው ጭኖ ሄደ። ሁለቱም አላዩትም። በእጁ ሊነግራቸው ቢፈልግ ብረቱን መሬት ማስቀመጥ ነበረበት። አላስቀመጠም።