ምንትዋብ የሸሸገችው ስም

ገርጂ ውስጥ፣ ከኢምፔሪያል ሆቴል ትንሽ ገባ ብሎ፣ የቆርቆሮ አጥሩ ባዘመመ ግቢ ውስጥ ሦስት ሰዎች ይኖሩ ነበር። አባወራው ገረመው በአውሮፕላን ማረፊያው ጭነት ሲያወርድና ሲጭን ጉልበቱን የጨረሰ ሰው ነው። ሚስቱ ምንትዋብ ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ከቤተ ክርስቲያን ደጅ የማትጠፋ ሴት ነበረች። ልጃቸው ሊና ደግሞ የሁለቱም ዓይን። ከውጭ ለሚያያቸው «ምን ጎደላቸው?» የሚያሰኙ ነበሩ። አዬ! የሰው ጓዳ ከውጭ መች ይታያል?

ምንትዋብን የስኳር በሽታ የያዛት ገና በሃያ አምስት ዓመቷ ነበር። ከዚያ ወዲህ ኑሮዋ በመርፌና በጸሎት መካከል ሆነ። ሊና ዛሬ እናቷን ስታስብ ቀድሞ ፊቷ ድቅን የሚለው የዓቢይ ጾም ጠዋት ነው። የንስሐ አባቷ «መድኃኒት ላይ ያለ ሰው አይጾምም» ብለው ገዝተዋት ስለነበር፣ ምንትዋብ መርፌዋን ከተወጋች በኋላ ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞርና እንደ ሌባ ቁራሽ ዳቦ ትጎርሳለች። እንባዋ ከዳቦው ጋር አብሮ ይወርዳል።

«እማዬ፣ ለምን ታለቅሻለሽ?»

«ሰው ሁሉ ለጌታው ሲራብ እኔ እበላለሁ፤ እሱ ነው የሚያስለቅሰኝ፣ ልጄ።»

በሽታው ቀስ በቀስ ዓይኗን ጋረደው፤ የእግሮቿንም ስሜት ወሰደው። ሊና በአሥር ዓመቷ መድኃኒቱን በመርፌ መሳብ ለመደች። በአሥራ ሁለት ዓመቷ ውዳሴ ማርያሙን እያነበበች የምታሰማት እሷ ሆነች። ምንትዋብ ድንገት ላብ በላብ ሆና ቃል ሲያጥራት፣ ስኳር በውኃ በጥብጣ የምታጠጣት እሷ ነበረች። ነፍሷ ስትመለስ ምንትዋብ የልጅቷን እጅ ትስምና «እኔን የወለድሽኝስ አንቺ ነሽ» ትላታለች። ሊና ትስቃለች። ቃሉ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ በምን ታውቀው?

ሊና ሃያ ዓመት ሞልቷት አውሮፕላን ማረፊያው ውስጥ መንገደኛ በማስተናገድ ሥራ እንደጀመረች፣ የገረመው እህት አሰገደች በአንድ ተራ ነገር ከምንትዋብ ጋር ተጋጨች። ነገር ከነገር ተያያዘና፣ አሰገደች ሊና ቆማ እየሰማች እንዲህ አለች፦

«ያልወለድሽውን ልጅ ታቅፈሽ እናት ነኝ ትያለሽ! የዚህች ልጅ እናት አፈር ከበላት ሃያ ዓመቷ ነው!»

ሊና የእናቷን ፊት አየች። ምንትዋብ አልተቆጣችም፤ አላስተባበለችምም...

እያለቀሰ ታሪኩን የነገራት አባቷ ነው። ምንትዋብ ሦስት ጊዜ አርግዛ ሦስቱንም ልጆች አጥታ ነበር። ሦስተኛው በተቀበረበት ዓመት ገረመው የታመመች ሚስቱን ጥሎ ወጣ። አውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ ምግብ ቤት ከምትሠራ፣ ቲጂ ከምትባል ወጣት ጋር ቡልቡላ ሰፈር ኑሮ ጀመረ። ቲጂ ሊናን በወለደች ዕለት ደም ፈስሷት ሞተች። በአምስተኛው ቀን ገረመው ጨቅላዋን በጋቢ ጠቅልሎ፣ ዝናብ እየወረደበት፣ የምንትዋብ በር ላይ አንገቱን ደፍቶ ቆመ። ምንትዋብ በሩን ወለል አድርጋ ከፈተችና፣ «አንተን ይቅር ለማለት ጊዜ ስጠኝ። ልጅቷን ግን አሁን አምጣት፤ ብርድ ላይ ናት» አለችው።

ይህን የሰማች ልጅ እግሯ ላይ መውደቅ አልነበረባትም? ነበረባት። የሃያ ዓመት ልብ ግን ቁስሉን እንጂ የቁስሉን መድኃኒት አያይም። ሊና እንደ እሳት ነደደች።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ስታድግ እነግራታለሁ እል ነበር። አንቺ አደግሽ፤ ድፍረቴ ግን አላደገም፣ ልጄ።»

«ልጄ አትበይኝ! እናቴን ቀማሽኝ። ስሟ እንኳ በዚህ ቤት ተጠርቶ አያውቅም!»

በማግሥቱ ልብሷን በሻንጣ አጭቃ ቡልቡላ ኮንዶሚኒየም ወደምትኖረው ጓደኛዋ ናኦሚ ዘንድ ሄደች። ምንትዋብ በስልክ ስትደውል አታነሳም። አባቷን ብቻ፣ አንዳንዴ፣ በአጭሩ ታናግረዋለች። እንዲህ እንዲህ እያለ ሁለት ዓመት ሊሞላ ተቃረበ!

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሊና ከሥራ ስትወጣ፣ ከሠራተኞች መውጫው ፊት ለፊት አንዲት ነጠላ ያጣፋች ሴት በትሯን ተመርኩዛ፣ ፊቷን ፀሐይ እየመታው ቆማ አየች። የሚያልፈውን ሁሉ በድምፁ እየለየች «ልጄ፣ ሊና ገረመውን ታውቂያታለሽ?» ትላለች። አንዷ «አላውቃትም፣ እማማ» ብላት አለፈች። ሊና ልቧ ወደ ፊት ሮጠ፤ እግሯ ግን ወደ ኋላ ተመለሰ። በሌላ በር ወጥታ ሄደች። ዛሬ ያን በር ስታልፍ መሬቱ ተከፍቶ ቢውጣት ትወዳለች።

ምንትዋብ ሠራተኛው ሁሉ ወጥቶ እስኪያልቅ ጠበቀች። ስትመለስ ታክሲ የምታገኝበት ጠፍቷት ብዙ መንገድ በእግሯ ሄደች። ጫማዋ ውስጥ ትንሽ ጠጠር ገብቶ ነበር። የደነዘዘው እግሯ ግን ምን ሊሰማ! ቤት ገብታ ጫማዋን ስታወልቅ ካልሲዋ በደም ርሷል። ገረመው ለሊና ሊደውል ስልኩን ሲያነሳ እጁን ያዘችው። «ተው፤ በእኔ የተነሳ የሆነ እንዳይመስላት» አለችው።

ቁስሉ ጠቆረ። ሐኪሞቹ እግሯን ቢቆርጡም መርዙ ቀድሞ ወደ ደሟ ገብቶ ነበር። ያን ጊዜ ገረመው ቃሏን አፍርሶ ለሊና ደወለ።

«ነይ፣ ልጄ። ዛሬ ካልመጣሽ ነገ ለቅሶ ነው የምትመጪው።»

ሊና ሆስፒታል ስትደርስ ከአልጋው ራቅ ብላ ቆመች። ድምፅ አላሰማችም። ምንትዋብ ግን የማያዩ ዓይኖቿን ወደ በሩ መለሰች።

«ሊና ነሽ? እርምጃሽን አውቀዋለሁ።»

«እማዬ!... እማዬ ይቅር በይኝ! ያን ቀን አይቼሻለሁ፤ እያየሁሽ ነው ጥዬሽ የሄድኩት!»

ምንትዋብ በዳበሳ ፊቷን አገኘችው። ግንባሯን፣ ጉንጯን፣ አገጯን ቀስ ብላ ዳሰሰች። «ከስተሻል» አለች። ቆየት ብላም፣ «ምሳሽን በልተሻል?» ብላ ጠየቀቻት።

በሦስተኛው ቀን፣ ቅዳሴ በሚወጣበት ሰዓት፣ እጇ ሊና እጅ ውስጥ እንዳለ ዐረፈች።

አርባዋ ሲደርስ ሊና ፍትሐቱን ለማስያዝ ወደ ምንትዋብ የንስሐ አባት፣ ወደ ቄስ መኩሪያ ሄደች። ሽማግሌው ካህን አጽናኗትና ወረቀት አወጡ።

«ወለተ ሥላሴ እና ወለተ ጊዮርጊስ ብዬ ልያዝ?»

«ወለተ ሥላሴ የእናቴ ክርስትና ስም ነው፣ አባ። ወለተ ጊዮርጊስ ማን ናት?»

ቄሱ ብዕራቸውን አስቀመጡ። «አልነገረችሽም? ‹ቲጂ የምትባል እህት ነበረችኝ፤ በወሊድ የሞተች› ብላ፣ አንቺን አዝላ መጥታ ነው ስሟን ያስያዘችኝ። ይኸው ሃያ ሁለት ዓመት፣ ስሟ ሳይጠራ የቀረበት ወር የለም። ሐምሌ ዐሥራ ዘጠኝ፣ ሙት ዓመቷ ሲሆን፣ ዳቦ ይዛችሁ ነዳያን ታበሉ አልነበር? አንቺኮ ነሽ በትናንሽ እጆችሽ ስታድይ የነበርሽው።»

ሐምሌ ዐሥራ ዘጠኝ የሊና የልደት ቀን ነው። ምንትዋብ በየዓመቱ በዚያ ቀን አዲስ ቀሚስ ታለብሳታለች፣ እጇን ይዛ ወደ ቤተ ክርስቲያን ትወስዳታለች፣ ዳቦውን ታሸክማታለች። «አንድም ሰው እንዳይቀርብሽ፤ ለሁሉም ስጪ» ትላታለች። ሊና የልደቷ ዳቦ ይመስላት ነበር። ለካስ በየዓመቱ፣ ሳታውቀው፣ የወላጅ እናቷን ዝክር ስትዘክር ኖራለች! ባሏን የወሰደችባትን ሴት «እህቴ» ብላ ያስጠራች፣ ልጇንም ለእናቷ ያስዘከረች ይህች ሴት ምን ዓይነት ፍጥረት ናት? ሊና ደጀ ሰላሙ ድንጋይ ላይ ተንበርክካ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀች።

«እንግዲህ እንዴት ብዬ ልጻፍ፣ ልጄ?» አሏት ቄሱ።

«ሁለቱንም፣ አባ። ሁለቱም እናቶቼ ናቸው ብለው ይጻፉልኝ።»

ዕጣ ፈንታ ለአንዱ እናት አብዝታ ትሰጣለች፣ አንዱንም ጨርሳ ትነሳለች። ለሊና ሁለት ሰጠቻት፤ አንዷን ሳታያት፣ ሌላዋን ሳትጠግባት ወሰደችባት። ዛሬም ከሥራ ስትወጣ ነጠላ ያጣፋች ሴት መንገድ ዳር ቆማ ስታይ እግሯ ሳታዘው ይሮጣል። ትጠጋለች፣ ታያለች... እሷ አይደለችም። «ምን ፈለግሽ፣ ልጄ?» ሲሏት፣ «ምንም፣ እናቴ፤ መንገድ ላሻግርዎ ብዬ ነው» ትላለች።