ነጭ ዘይት

የጀልባዋ ባለቤት ሽማግሌው ኬኒ የሚያኝከውን ትምባሆ የቢራ ቆርቆሮ ውስጥ ጢቅ ብሎ ተፋና በካቻቢቴው ከቀኙ ሞተር ሥር ያለችውን ብሎን ፈታ።

ፀዳለ አፍንጫዋን በሹራቧ እጅጌ ያዘች። ጀልባዋ ውስጥ አንድ ባልዲ ማጥመጃ ዓሣ ተረስቶ በስብሷል፤ የሳን ሊያንድሮ ወደብ ዝንብ ሁሉ ተጠራርቶ የመጣ ይመስላል። ወለሉ በቅባት ጨቅይቷል፣ መቀመጫው ሻግቷል። ለዚህ ነው እንግዲህ ቅዳሜ ጠዋት ከእንቅልፏ የተቀሰቀሰችው።

ከቀዳዳዋ ቀስ እያለ የወረደው ዘይት ጥቁር አልነበረም። ወተት የበዛበት ሻይ ይመስላል።

«ይኼ ነጭ ነገር ምንድነው ጥሩነህ?» አሉ የአባቷ ወዳጅ ጋሼ ኣሕመድ፣ ጎንበስ ብለው።

ኬኒ ጥያቄው ከሁኔታቸው ገብቶት በእንግሊዝኛው መለሰ። የጋሼ ኣሕመድ እንግሊዝኛ ከ«የስ ሰር» አያልፍም፤ ፀዳለ ግን አንድም ቃል አላመለጣትም።

«ውኃ ከማርሹ ዘይት ጋር ተቀላቅሏል ማለት ነው» አለ ሽማግሌው። «ግራው ደግሞ ማቀዝቀዣውን ጨው በልቶታል፤ ትንሽ እንደሄደ ግሎ ይቆማል። ጀልባዋን ውሰዱ፣ ሞተሮቹን ጣሉ። በእነዚህ ከድልድዩ ወዲያ ወደ ውቅያኖሱ እንዳትወጡ፣ ሰው ይሞታል።»

ፀዳለ ልትናገር አፏን ከፈተች። ሐኪም ቤት ይሁን፣ አከራይ ደጅ ይሁን፣ አስተርጓሚዋ እሷ ነች። ዛሬ ግን አባቷ ቀደማት።

«የባሕር ዘይት ነው» አለ ጥሩነህ፣ ሸሚዙን እያስተካከለ። «የባሕር ዘይት ሲቆይ ይነጣል። ትንሽ ሰርቪስ ካገኙ ሁለቱም ሞተሮች አንደኛ ናቸው ይላል።»

«አንተ ካልክ እንግዲህ!» ጋሼ ኣሕመድ ጀርባውን መታ አደረጉት። «እኔ ምን አውቃለሁ፣ ካፒቴኑ አንተ!»

ጥሩነህ ምጽዋ ባሕር ኃይል ውስጥ ነበር፤ ይኼ ሐሰት አይደለም። የሞተር ክፍል ነበርኩ የሚለው ነው ሐሰቱ። ብርድ ልብስና ጫማ ሲያድል ነው የኖረው። ሥራ ነው፣ ምን ያሳፍራል? ግን የኦክላንዶቹን ትልልቅ ሰዎች፣ የድሮ መኮንኖቹን፣ ማን ይቻላቸው! መኪና እያቆሙ፣ ሳህን እያጠቡ፣ ማዕረጋቸውን እስካሁን ከትከሻቸው አላወረዱም። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እነሱ ተቀምጠው ያወራሉ፣ ወንበሩን የሚሰበስበው ጥሩነህ ነው። ስሙንም አይጠሩትም፤ «መጋዘኑ» ነው የሚሉት። ባለፈው እሑድ «ጀልባ ገዛሁ» ብሎ ገና ሳይገዛ ቢነግራቸው፣ ኮሎኔል ባዩ ሆዱን ይዞ ሳቀ።

«መጋዘኑ ብርድ ልብስ ሊያጠምድ ነው!»

ፀዳለ ያን ቀን ለአባቷ አልቅሳለት ነበር።

ጋሼ ኣሕመድ ግን ሳን ፓብሎ ነው የሚኖሩት፣ እዚያ ሰፈር አይደርሱም። የተነገራቸውን አመኑ። አምነውም ዓመታት ወለል ሲወለውሉበት የኖሩበትን ሆቴል ትናንት ለቀቁ። ከሚቀጥለው ሳምንት ጀምሮ ሁለቱ ከድልድዩ ወዲያ ሳልመን የሚባለውን ዓሣ ሊያጠምዱ ነው። ጋሼ ኣሕመድ ዋና አይችሉም።

ያጠራቀሙትን ገንዘብ ሊያመጡ ወደ ዳትሰን መኪናቸው እንደሄዱ ፀዳለ ወደ አባቷ ዞረች።

«ዳዲ፣ እሱ እንደዚያ አላለም።»

«ምን እንዳለ ሰምቻለሁ።»

ያልገባው መስሏት ነበር። ያልገባው ቢሆን ምናለ!

«ሰምተህ ነው?»

«ሞተሩን በኋላ ቼንጅ እናደርገዋለን። አንዴ ይግዛና።»

«በምን? ጋሼ ኣሕመድ ያላቸው ይኼው ነው። ደግሞ ሰው ይሞታል ነው ያለው፣ ዳዲ!»

«አንቺ እንግሊዝኛሽን ለትምህርት ቤትሽ አድርጊው!» ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጠጋት። ጠዋት የተቀባው ሽቶ ከዓሣው ክርፋት ጋር ተቀላቅሎ ፊቷ ላይ መጣ። «ነገ እዚያ ሄጄ ምን ልበል? ባዩ እንዲስቅብኝ ነው የምትፈልጊው? ለማን ብዬ ነው የምለፋው?»

ፀዳለ አየችው። ጢሙ ተላጭቷል፣ ክራባቱ ተስተካክሏል፣ ዓይኑ ግን ወንበር ሲሰበስብ እንደሚያደርገው መሬት መሬት ያያል። ከባልዲው ይልቅ እሱ አስጠላት። ስላስጠላትም አፈረች፤ ማፈሯም ተመልሶ አናደዳት። ዝም ብትል ምን ትሆናለች? ልጅ ነች፤ ማንም አይጠይቃትም። ጋሼ ኣሕመድም አይጠይቋትም። አባት ቆሞ ልጁን «እውነት ነው ወይ?» ማለት ወዳጅን ማዋረድ ነው፣ አያደርጉትም። ውኃው ቢውጣቸው እንኳ አያደርጉትም።

ጋሼ ኣሕመድ ፈገግ ብለው ተመለሱ። በአንድ እጃቸው ፖስታ፣ በሌላው ብርቱካን ይዘዋል።

«እንኪ ፀዱ። ጠረኑ አስመረረሽ አይደል? ይኼን አሽቺ።»

«እግዜር ይስጥልኝ» አለች። ብርቱካኑ ከኪሳቸው ሙቀት የተነሳ ሞቅ ብሏል።

«ብርድ ነው፣ መኪናው ውስጥ ግቢ» አላት ጥሩነህ።

አልተንቀሳቀሰችም። ኬኒ ቆርቆሮውን አስቀምጦ እጁን በሱሪው ጠረገና ዘረጋ። ጋሼ ኣሕመድ ፖስታውን ከፈቱ።

«ጋሼ ኣሕመድ፣ ትንሽ ይቆዩ።»

«አቤት የኔ ልጅ?»

«ፀዳለ! ግቢ ብያለሁ!»

ዳግመኛ አባቷን ብታይ አንደበቷ እንደሚታሰር ታውቃለች። ስለዚህ አላየችውም። ጋሼ ኣሕመድ አጠገብ ቆማ እጇን በጨው የነጣው ሞተር ላይ አሳረፈች።

«ሰውየው ያለውን እኔ ልንገርዎት» አለች። «ከዚህኛው ልጀምር።»