በበረዶ ውስጥ የኖረ አየር

ታምሲን ብርጭቆውን ጆሮዋ ላይ ለጥፋ ትንፋሿን ያዘች። ውሃው ውስጥ የገባችው የበረዶ ቁራጭ እየቀለጠች ትንጣጣለች።

«ለስላሳ ነው እንዴ?» አለ የክፍል ጓደኛዋ ብሪን ከኋላዋ፣ ሙድ እየያዘ።

የክፍሉን ተማሪዎች በአውስትራሊያዋ ሆባርት ከተማ ያለውን ቤተ ሙከራ የሚያስጎበኙት ተመራማሪ ዶክተር ኖሊን ፈገግ አሉ። በረዶው ከአንታርክቲካ ጥልቅ ተቆፍሮ የወጣ፣ ከምርመራ የተረፈ ቁራጭ እንደሆነ ነገሯቸው። ጥንት ሲጠጥር አየር በውስጡ ዘግቶ አስቀርቷል፤ የሚንጣጣው ያ አየር ሲወጣ ነው።

«በምድር ላይ አንድም ገበሬ ባልነበረበት ዘመን የነበረ አየር ነው» አሉ። «ከዚያ ወዲህ ማንም አልተነፈሰውም። እናንተ የመጀመሪያዎቹ ናችሁ።»

ብሪን እንኳ ጠጋ ብሎ ብርጭቆው ውስጥ አየ። ታምሲን ቀስ ብላ አየሩን ወደ ውስጥ ሳበች። ምንም አይሸትም፤ ግን ሰውነቷን ውርር አደረጋት። ዶክተሯ ቀጠሉ፦ ከእንዲህ ዓይነቱ በረዶ የወጣው አየር ተለክቷል፤ የዛሬው አየር የያዘው፣ ምድርን የሚያሞቀው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከዚያ እጅግ ይበልጣል።

ታምሲን ብርጭቆውን አስቀመጠች። አባቷ በጸሐፊነት የሚሠራበት በጎ አድራጎት ማኅበር፣ የምድር ሙቀት በሰው ምክንያት መጨመሩ አልተረጋገጠም የሚሉ መጻሕፍት ለትምህርት ቤቶች በነጻ ያድላል። በነገው የማኅበሩ የእራት ግብዣ ላይ ንግግር የምታደርገው እሷ ናት። ከአባቷ ጋር ባዘጋጁት ንግግር ውስጥ፣ የጥንቱን አየር የሚያውቅ ሰው የለም የሚል ዓረፍተ ነገር አለበት።

አባቷ በመኪና ሊወስዳት ሲመጣ ያየችውን ሁሉ ነገረችው። እሱም እንደ ልጅ በጉጉት ሰማት። የደርወንትን ወንዝ ተከትለው ሲሄዱ፣ ያ አየር ወጥቶ በከተማው ላይ የሚዞር መሰላት፤ እያንዳንዱ ትንፋሽ ገረማት።

ከዚያ ማኅበሩን በገንዘብ የሚረዳው ማን እንደሆነ ጠየቀችው። አብዛኞቹ ስማቸው እንዳይነገር እንደሚፈልጉ፣ አንዱ ግን የድንጋይ ከሰል ኩባንያ እንደሆነ ነገራት። «ይህን ጻፍ፣ ያንን ተው» ያለው ሰው ግን እንደሌለ አከለ። አመነችው፤ ዋሽቷት አያውቅም።

«እነ ዶክተር ኖሊን ያገኙትን ብትጽፍስ አባዬ? ገንዘብ ሰጪዎቹ ይረዷችሁ ነበር?»

የቆሙበት የትራፊክ መብራት አረንጓዴ ሆነ። ከኋላ ጥሩንባ ተነፋ። አባቷ አልነዳም።

«እንጃ» አለ በመጨረሻ። «ጠይቄ አላውቅም።»



በማግስቱ ምሽት አባቷ በግብዣው አዳራሽ ደጃፍ መኪናውን ሲያቆም፣ እንግዶቹ ሱፍ በሱፍ ሆነው እየገቡ ነበር። አንዲት ሴትዮ ታምሲንን አይተው እጃቸውን አውለበለቡላት። እሷም አጸፋውን መለሰች።

«አብሬህ ገብቼ አጠገብህ እቀመጣለሁ» አለችው አባቷን። «መድረክ ላይ ግን አልወጣም።»

አባቷ ሞተሩን አጠፋ። «እሺ» አለ፣ ድምፁ ዝቅ ብሎ። «ንግግር እንደማታደርጊ እኔ እነግራቸዋለሁ።»

«አይ፣ ራሴ ልንገራቸው» አለችና በሩን ከፍታ ወረደች።