የቤት መኪናው ክብደት

የኬላው ሹም አቶ ገብረመንፈስቅዱስ ከመኪና ሚዛኑ አጠገብ ባለው ቦይ ውስጥ በግንባራቸው ተደፍተው ተገኙ። ጊዜው ኅዳር 1967 ዓ.ም. ነበር። ከደብረ ብርሃን ወደ አንኮበር የሚወስደው መንገድ ዳርና ዳሩ በውርጭ ነጥቷል። የሹሙ ማጅራት በብረት ተመትቷል፤ ብረቱ ግን የለም።

ሃምሳ አለቃ ወልደአረጋይ ሲደርስ አስከሬኑ ተነሥቶ ነበር። ፖሊስ ከመሆኑ በፊት አሥራ አንድ ዓመት የጭነት መኪና ነድቷል። ከዚያ የቀረው ልማድ ከሰው ፊት አስቀድሞ መሬቱን ማየት ነው። ቦዩን አየ፣ ሚዛኑን አየ፤ ከዚያ በኋላ ነው ላንድሮቨሩን ተደግፎ የቆመውን ሻምበል ያየው።

«ነገሩ አልቋል» አለ ከአዲስ አበባ ለሥራ የመጣው ሻምበል። «አልጋና ማጀት ባለው የቤት መኪና የሚዞሩት ፈረንጆች የመንገድ ክፍያ በዛብን ብለው ገድለውት አመለጡ። አንኮበር ላይ ተይዘዋል። እነሱ ኤምባሲ አላቸው። አስተርጓሚያቸው ግን በዘጠኝ ሰዓት ከእኔ ጋር ይሄዳል።»

«ከሄደ በኋላስ?»

ሻምበሉ ጓንቱን አጠለቀ። በዚያ ሰሞን እንዲህ ተይዞ የተወሰደ አይመለስም፤ እንዲህ ያለ ጥያቄ የሚጠይቅ ሰውም አልነበረም።

«ገና ሦስት ሰዓት ነው» አለ ወልደአረጋይ፣ ለራሱ የሚናገር ይመስል።

የሹሙ ምክትል ብርሃነ መስቀል ከኬላው ቤት በር ላይ ቆሟል። ኮቱን እስከ አንገቱ ቆልፏል።

«ፈረንጆቹ ትናንት ማታ መጡ፤ ተዘግቷል፣ ጠዋት ኑ አልናቸው» አለ። «ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ መጡ። ሹሙ ራሳቸው መዝነው ‹ሰባት ሺህ ስድስት መቶ ሰማንያ ኪሎ› ብለው ጮክ ብለው ነገሩኝ። ከሰባት ሺህ አምስት መቶ በላይ ከባድ መኪና ነው፣ እጥፍ ይከፍላል። ፈረንጆቹ ‹ይሄ ቤት ነው እንጂ ጭነት አይደለም› ብለው ተጣሉ። እኔ እንጨት ላመጣ ወደ ጓሮ ዞርኩ። ስመለስ መኪናውም የለ፣ ሹሙም ቦይ ውስጥ ናቸው።»

«ወረቀቱን እስቲ አሳየኝ።»

ብርሃነ መስቀል ከግድግዳው ሚስማር ላይ ነቅሎ ሰጠው። 7,680 ኪሎ ይላል። ከሥሩ የዛሬው ቀንና ‹ከጠዋቱ 1፡00› ተጽፏል።

«ቀንና ሰዓቱን ማን ሞላው?»

«እኔ ነኝ። ሹሙ ሙላ ብለውኝ።»

«ቀንና ሰዓት የሚሞላው ሲከፈል አይደለም እንዴ?»

«እ… ይከፍላሉ ብለን ነዋ።»

«ማታ የተመዘነ መኪና እዚሁ ቢያድር፣ ጠዋት እንደገና ትመዝኑታላችሁ?»

ብርሃነ መስቀል ፈገግ አለ። «ለምን ሲባል? እህሉ በሸራ ተሸፍኖ፣ ገመዱ በእርሳስ ማኅተም ታሽጎ ያድራል። ክብደቱ በሌሊት የት ይሄዳል?»

«እውነትህን ነው» አለ ወልደአረጋይ።

አስከሬኑን መጀመሪያ ያየችው ከኬላው ማዶ ሻይ የምትሸጠው ወለተ ጊዮርጊስ ናት። ብርጭቆ እያጠበች ጠበቀችው።

«ስታገኛቸው ምን መስለው ነበር?»

«አይ ሃምሳ አለቃ! ጋቢያቸው በውርጭ ነጥቶ እንጨት ሆኗል። ጫፉን ስይዘው ቀጭ አለ።»

«ከሥራቸው ያለው ሣርስ?»

«እሱማ ደረቅ ነው። ስናነሣቸው የተኙበት ብቻ አረንጓዴ ሆኖ ታየ። ያስፈራል እኮ።»

«ከምክትላቸው ጋር ሰላም ነበሩ?»

ወለተ ጊዮርጊስ ወደ ኬላው አየት አድርጋ ድምፅዋን ቀነሰች። «ድልድዩ ከተደረመሰ ወዲህ አይነጋገሩም።»

ነገሩን ወልደአረጋይም ያውቀዋል። ከሦስት ሳምንት በፊት እህል የጫነ መኪና ቁልቁለቱ ላይ ያለውን ድልድይ ሰብሮ፣ ከሥሩ ድንጋይ የሚለቅሙ ሁለት የቀን ሠራተኞች ሞተዋል። ያ ትንሽ ወንዝ ስለደረቀ መኪና አሁን በጎን እየወረደ ያልፋል።

«ሹሙ ያን ቀን ታመው ቤታቸው ነበሩ» አለች። «መኪናውን ስድስት ቶን ብሎ ያሳለፈው ምክትሉ ነው። ሹሙ ‹ስድስት ቶን ድልድይ አይሰብርም› ሲሉ ሰነበቱ። ትናንት ሻይ ሲጠጡ ‹ነገ አውራጃው ድረስ ሄጄ አመለክታለሁ› አሉኝ።»

«ለሻምበሉ ይህን ነግረሽዋል?»

«ማን ጠየቀኝ? ሻይ አምጪ ነው ያለኝ።»

በስድስት ሰዓት ቤት መኪናው በወታደር ታጅቦ ተመለሰ። የከተማው ሰው መንገዱን ሞላው።

«መጋረጃ አለው!» አለ አንዱ።

«ቤት ከሆነማ የቤት ግብር ይክፈላ!» አለ ሌላው። ጥቂቶች ሳቁ፤ ሻምበሉ ዞር ሲል ሳቁ ቆመ።

ሩዶልፍ የሚባለው ፈረንጅና ሚስቱ ኢንጌ ከፊት ወረዱ። አስተርጓሚያቸው ዓወል ከኋላ ወረደ፤ እጁ የፊጥኝ ታስሯል። የአልዩ አምባ ነጋዴ ልጅ ነው፤ ጀርመንኛውን የተማረው እዚያ በነበሩ መንገድ ሠሪዎች ዘንድ ነው።

«ጋሼ፣ ወላሂ አልገደልንም» አለ። «የተመዘነው ትናንት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው። ሹሙ ክብደቱን ጽፈው ወረቀቱን ሚስማሩ ላይ ሰኩት። ሩዶልፍ ከባድ ነው መባሉ ከነከነው፤ ‹ሌላ አገር ለቤት መኪና ሌላ ሕግ አለ› አለ። ሹሙ ‹መንገዱ ቤት ይሁን ድንጋይ አያውቅም፤ አስባችሁበት ጠዋት ኑ› አሉ። በሰላም ተለያየን። ጠዋት ስንመጣ መዝጊያው እንጨት ተነሥቷል፣ ሰው የለም። ስንመለስ እንከፍላለን ብለን አለፍን።»

«ማን ይመሰክርላችኋል?»

ዓወል አንገቱን ደፋ። «ማንም።»

«ሌሊቱንስ የት አደራችሁ?»

«እኔ ግቢ ነዋ!» አለች አንዲት ሴት ሰዉን በክርኗ እየገፋች። የዓወል አክስት ሰሊሃ ናት። «እኔ ግቢ አደሩ፣ ግቢዬን በረዶ አድርገውት ሄዱ! ዶሮዎቼ ሲንሸራተቱ ነው የዋሉት። ይሄ ብልጥ የወንድሜ ልጅ ‹የደብረ ብርሃን ውርጭ ቧንቧችሁን ይሰነጥቀዋል፣ ውሃውን ድፉት› ብሎ መክሯቸው፣ ከአልጋቸው ሥር ያለውን ታንክ በሙሉ በሬ ላይ ደፉት።»

ወልደአረጋይ ቀና አለ። «ታንኩ ስንት ይይዛል?»

ዓወል ተርጉሞ ጠየቀ። «ሦስት መቶ ሊትር።»

«ጠዋት መልሳችሁ አልሞላችሁም?»

«በምን ይሙሉት?» አለች ሰሊሃ። «የእኔም ቧንቧ ረግቶ ነው ያደረው!»

ወልደአረጋይ ግቢዋ ድረስ ሄደ። ከግንቡ ጥላ ሥር በረዶው ገና አልቀለጠም፤ ውፍረቱ ሁለት ጣት ይሆናል። ሲመለስ ወታደሮቹን ወደ በሬሳ ወንዝ ላካቸው፤ ከእያንዳንዱ ሱቅ ጀሪካን ለመኑ።

በስምንት ሰዓት ሁሉም ሚዛኑ ዙሪያ ተሰበሰቡ። ሻምበሉ ሰዓቱን አየ።

«አንድ ሰዓት አለህ።»

«ይበቃኛል። ሰው ይውረድ፣ መኪናው ይውጣ።»

ቤት መኪናው ሚዛኑ ላይ ወጣ። ወልደአረጋይ ብርሃነ መስቀልን ጠራው። «አንተ አንብበው።»

«ሰባት ሺህ… ሦስት መቶ ስድሳ።»

«ወረቀቱ ስንት ይላል?»

ወልደአረጋይ ባለ ሃያ ሊትር ጀሪካኖቹን አንድ በአንድ እያስቆጠረ ታንኩ ውስጥ አስገለበጠ። አሥራ አምስተኛው ሲያልቅ ውሃው ሞልቶ ፈሰሰ።

«አሁንስ?»

«ሰባት ሺህ ስድስት መቶ… ስድሳ።»

«የጎደለችው ሃያ ኪሎ አንኮበር ደርሶ መልስ የነደደች ናፍጣ ናት። ይሄን ማንኛውም ሾፌር ይነግራችኋል» አለ ወልደአረጋይ። ወደ ሻምበሉ ዞረ። «ወረቀቱ ላይ ያለው ክብደት ውሃው ያለበት ነው። ውሃው የተደፋው ትናንት ማታ ነው፤ ሌሊቱን ረግቶ አሁንም ሰሊሃ በር ላይ አለ። ስለዚህ መኪናው የተመዘነው ማታ ነው፣ ዓወል እንዳለው። ዛሬ ጠዋት ቢመዘን ኖሮ ከሰባት ሺህ አምስት መቶ በታች ነበር፤ ከባድ አይባልም፣ እጥፍ አይከፍልም፣ የሚያጣላም ነገር የለም።»

«ሹሙ ተሳስተው ቢሆንስ?» አለ ብርሃነ መስቀል።

«ሹሙ ጠዋት አልነበሩም። ውርጩ የወደቀው ጋቢያቸው ላይ ነው፤ ከሥራቸው ያለው ሣር ደረቅ ነበር። ውርጩ ሳይወርድ፣ ሲመሻሽ ሞተዋል። አንተ ግን ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ድምፃቸውን ሰማሁ ብለሃል። ጠዋት በሕይወት ነበሩ እንዲባል የፈለገ ሰው አንድ ብቻ ነው። ሚስማሩ ላይ ቀን ያልተሞላበት ወረቀት አገኘህ፣ ቀንና ሰዓት ሞላህበት። ፈረንጆቹ ሲመጡ ሰው እንዳያገኙ መዝጊያውን አንሥተህ ተደበቅህ። ሚዛን ቤት ያደግህ ሰው ነህ፤ ማታ የተመዘነ ጠዋትም ያው ነው ብለህ ታምናለህ። ለእህል እውነት ነው። ቤት ግን ውሃ ይደፋል።»

የብርሃነ መስቀል ዓይን ሳያስበው ወደ ሚዛኑ ሥር ሄደ። ወልደአረጋይ ዓይኑን ተከትሎ ጎንበስ አለ፤ ከብረት ወለሉ ሥር ካለው ጉድጓድ የሚዛኑን ማንሻ ብረት ጎትቶ አወጣ። ጫፉ ላይ የደረቀ ደምና ሽበት አለ።

ወለተ ጊዮርጊስ አፏን በነጠላዋ ያዘች።

«‹ነገ አመለክታለሁ› አሉኝ» አለ ብርሃነ መስቀል፣ ድምፁ ደክሞ። «ለመንኳቸው። ያን መኪና እኔ በፈቃዴ አላሳለፍኩትም። አሳልፍ ተብዬ ነው። ያዘዙኝ ሰዎች—»

«በቃ!» አለ ሻምበሉ።

ድምፁ ከቁጣ ይልቅ ችኮላ ነበረው። ሁለት ወታደሮች ብርሃነ መስቀልን ይዘው ላንድሮቨሩ ውስጥ አስገቡት።

«ቃሉን መጀመሪያ ጣቢያ ይስጥ» አለ ወልደአረጋይ። «ያዘዙትን ሰዎች ስም መጻፍ አለብኝ።»

«ይሰጣል። መንገዳችን ላይ ነው» አለ ሻምበሉ፤ ወደ ዓወል ሳያይ በሩን ዘጋ።

ሰሊሃ የዓወልን ገመድ በጥርሷ ጭምር ፈታችው። «አልሐምዱሊላህ፣ አልሐምዱሊላህ» ትላለች። ሰዉ ተበተነ።

ወልደአረጋይ ላንድሮቨሩን በዓይኑ ተከተለ። መኪናው ወደ ፖሊስ ጣቢያው የሚታጠፈው መንገድ ጋ ደረሰ። ፍጥነቱን አልቀነሰም። አቧራውን እያስነሣ ወደ አዲስ አበባ ቀጥ ብሎ አለፈ።

«ጋሼ፣ እኔ ልሂድ?» አለ ዓወል ከኋላው፣ የእጁን አንጓ እያሸ።

ወልደአረጋይ ዓይኑን ከአቧራው ላይ አላነሣም።

«ሂድ። ዛሬውኑ ከአክስትህ ጋር ወደ አልዩ አምባ ውረድ። ስለ እህሉ መኪና የሰማኸውን እዚሁ ተወው። ማንም ቢጠራህ ዞር አትበል።» ትንሽ አሰበ። «ደግሞ አትሩጥ።»