ውሃ የሌለው ወረፋ

«ጋሼ ፈለቀ በር ላይ ነው! ቦኖው ጋሼ ፈለቀ በር ላይ ነው የሚተከለው!»

እትዬ ጤናዬ ይህን ወሬ ከማለዳ ጀምረው ላገኙት ሰው ሁሉ ሲያድሉ ውለዋል። ለዶሮዎቻቸውም ሳይነግሯቸው አልቀሩም። አሁን ደግሞ የሙሉመቤት ተራ ደርሶ ነበር።

«ማን ነገረዎት እትዬ?»

«ሰው ነዋ! ቀያሹ ችካሉን መትቶ ሄዷል። ነገ ጠዋት ተመልሶ ሊያስቆፍር ነው። ወንዶቹ እንደሆኑ እድር ላይ ተነጋግረው ‹የትም ይሁን፣ ብቻ ውሃ ይምጣልን› ብለዋል።»

ሙሉመቤት ደብተሯን ጥላ ወጣች። ወሬው እውነት ነበር። ከጭድ ተራ ጀርባ ወዳለው መንደራቸው በምታስገባው ጠባብ መንገድ ላይ፣ የጨው ነጋዴው የጋሼ ፈለቀ በር ፊት፣ አናቱ ቀይ የተቀባ ችካል ተገትሯል። በዚያች መንገድ በየማለዳው ጭድ የተጫኑ አህዮች ይጎርፋሉ። ይህን ችካል የመታ ሰው አህያም አይቶ አያውቅ፣ እንስራ የተሸከመች ሴትም አይቶ አያውቅ!

መንደሩ ቦኖ ስላልነበረው ሙሉመቤት ውሃ የምትቀዳው ራጉኤል ድረስ ሄዳ ነው። ወረፋ ጠብቃ እስክትመለስ የትምህርት ቤቱ ደወል ይቀድማታል። ያረፈደ ደግሞ ባንዲራው ሥር ጠጠር ላይ ይንበረከካል። ዘንድሮ ስምንተኛ ክፍል ናት፤ የሚኒስትሪ ፈተናው ደርሷል፤ እሷ ግን የጠዋቱን ትምህርት በጉልበቷ ነው የምትማረው። ቦኖው እዚህ ከተተከለ አህያ በመጣ ቁጥር ወረፋው ሊበተን ነው። ያው ማርፈድ፣ ያው ጠጠር።

«ኳስ የምትጫወቱበት ሜዳ ላይ ቢሆን እኮ ሰፊ ነው» አለችው ጎረቤቷንና የክፍል ጓደኛዋን ባህረዲንን።

ባህረዲን የጨርቅ ኳሱን እቅፍ አደረገ። «የኛ ሜዳ ላይ? ግቡስ?»

«ግቡን አናትህ ላይ ትከለው!»

«አቦ ተይኝ! ደግሞ ማን ሊሰማሽ? ወንዶቹ ጨርሰውታል።»

«ወንዶቹ መቼ ውሃ ቀድተው ያውቃሉ? ቆይ፣ እኔ አላወራም። አሳያቸዋለሁ።»

በየቤቱ እየዞረች ሴቶቹን ለመነች፦ ነገ በማለዳ ባዶ እንስራችሁን ይዛችሁ ችካሉ ፊት ተሰለፉ።

«ያለ ውሃ?» አሉ እትዬ ጤናዬ።

«ያለ ውሃ።»

እትዬ ጤናዬ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ከዚያ ነጠላቸውን አጣፍተው ወጡና ያልደረሰችበትን ቤት ሁሉ አዳረሱላት። ለዚህ ሥራማ እንደሳቸው ያለ ከየት ይመጣል!

በማግስቱ ፀሐይ ሳትሞቅ ወረፋው ተያዘ። እንስራ፣ የዘይት ቆርቆሮ፣ ምን አለሽ ተራ እጀታ የተበየደለት ጣሳ። የሚያጠቡት ሴቶች በቦታቸው ድንጋይ አስቀምጠው ወደ ልጆቻቸው ሄዱ። ሰልፉ ጠባቧን መንገድ ሞልቶ፣ ታጥፎ፣ ዋናው መንገድ ላይ ወጣ። እዚህ ላይ ሙሉመቤት ያላሰበችው ነገር መጣ። መርካቶ ሰልፍ አይቶ ዝም ብሎ አያልፍም።

«ምን መጣ?» አለ አንድ ባለካፖርት፣ ከኋላ እየተሰለፈ።

«እኔ እንጃ፣ ስኳር መሰለኝ» አለው ከፊቱ ያለው። እሱም የደረሰው አሁን ነው።

«ስኳር ረክሷል!»

ጉድ ፈላ! ሰው እየሮጠ መጣ። ቆሎ ሻጯም ደረሰች። ይህን ጊዜ የጭዱ አህዮች ከች አሉ፤ መንገዱ ጥርቅም አለ፤ ጭዱ በሰው አናት ላይ ይዘንብ ጀመር። ባህረዲን አጥር ላይ ተንጠልጥሎ «ጎል!» ይላል።

ቀያሹ መዶሻውን ይዞ ብቅ ያለው በዚህ መሃል ነው። «አሳልፉኝ! የመንግሥት ሥራ ነው!»

«ሁላችንም ሥራ አለን፤ ተሰለፍ!» አለው ባለካፖርቱ።

«ቀያሹ እኮ ነኝ!»

«ደጃዝማችም ብትሆን ከኋላዬ ነህ!»

ቀያሹም የገዛ ችካሉ ጋ ለመድረስ ወረፋ ያዘ።

የትምህርት ቤቱ ደወል ከሩቅ ተሰማ። አሁን ብትሮጥ ትደርሳለች። ሙሉመቤት ግን እንስራዋን መሬት አስቀመጠችና ወደ ቀያሹ ሄደች።

«ጋሼ፣ ይሄ ሁሉ ውሃ ሳይኖር ነው። ውሃው ሲመጣ የሚሆነውን እንግዲህ ይገምቱት።»

ቀያሹ ከትከሻው ላይ ጭድ አራገፈ። የተቆጣ መሰላት። ከዚያ ሳቁ አመለጠው።

«እና የት ይሁን?»

መልሱን እሷ አልሰጠችም። ሴቶቹ ከሰልፉ ጫፍ እስከ ጫፍ ባንድ አፍ «ሜዳው ላይ!» ብለው ጮኹ። ስኳር ጠባቂዎቹም «ሜዳው ላይ!» እያሉ አስተጋቡና፣ ስኳሩ ወደዚያ የዞረ መስሏቸው ቀድመው ሮጡ።

ቀያሹም ችካሉን ነቅሎ ከሴቶቹ ጋር ሜዳው ላይ ወጣ። ባህረዲን ግብ ያደረጋቸውን ድንጋዮች አንስቶ አጥር ሥር ወረወራቸው። «ነይ እንጂ፣ ደወሉ አልቋል!»

«አንተ ሂድ። እኔ ይሄ ችካል ሲገባ ሳላይ ንቅንቅ አልልም። ዛሬ እንበረከካለሁ።»

ችካሉን በሁለት እጇ ያዘችለት፤ ቀያሹ መታው። ሴቶቹ እልልታውን አቀለጡት።

«ለነገሩ» አለ ቀያሹ፣ ግንባሩን በክንዱ እየጠረገ፣ «አለቃዬ ሲልከኝ፣ ውሃ የሚቀዱትን ሴቶች ጠይቀህ ያሉህ ቦታ ትከል ብሎኝ ነበር። ረስቼው ነው።»